ወንድ በማይደርስበት ጓሮ

ባለፈው ክረምት ዲላ ገበያ ውስጥ ዝናብ ያዘኝና ቆጮ ከሚሸጡ ሴቶች ላስቲክ ሥር ተጠለልኩ። አንደኛዋ ለደንበኛ ልታሳይ የእንሰት ቅጠሉን ፈታ ስታደርገው ያ ከጉድጓድ የወጣ፣ የኮመጠጠ፣ እርጥብ ሽታ ፊቴን መታኝ። ከጎኔ የቆመ ወጣት አፍንጫውን በሹራቡ ሸፈነ። ሌላው ሰው ይህ ሽታ ሲሸተው ወይ ይርበዋል ወይ ያንገሸግሸዋል፤ እኔን ግን ትዝ የሚለኝ ንባብ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ እርጥብ ቅጠል ላይ እግሬን አጣጥፌ ተቀምጬ፣ ጮክ ብዬ ሳነብ የራሴ ድምፅ ይሰማኛል። ዝናቡ ካባራ በኋላም ከላስቲኩ ሥር አልወጣሁም። ሴትየዋ ልገዛ የቆምኩ መስሏት ስትጠባበቅ አፈርኩና ገዛሁ።

በዚያ ዓመት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቴ መውለጃዋ ደርሶ ነበር። አባቴ የቢሮ ሥራውንም፣ እሷንም፣ እኔንም አንድ ላይ መያዝ ስላቃተው እስከ መስከረም ድረስ እኅቱ ታደለች ዘንድ እንድቆይ ተወሰነ። እናቴ ፀጉሬን እየሠራች አንድ ነገር ብቻ ደጋግማ አስጠነቀቀችኝ፤ መኪና ውስጥ እንዳልዘምር። እኔ ደግሞ ሳላስበው መዝሙር የሚያመልጠኝ ልጅ ነበርኩ። ዘመኑ የደርግ ነው። የእኛ ዓይነት ቤተ ክርስቲያኖች ታሽገው፣ አገልጋዮቹ ታስረው፣ ምእመኑ በየጓዳው ተሸሽጎ ይጸልይ ነበር።

ይህን ሁሉ እኔ አላውቅም። እኔ የማውቀው ዲላ ጎረቤቶቻችን ስለ እኛ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጴንጤ ናቸው እኮ» ማለታቸውን ነው። ድምፅ የሚቀነሰው በሽታ ሲነሣ ብቻ ይመስለኝ ስለነበር፣ ጴንጤን የሳንባ ነገር አድርጌ ነበር የያዝኩት። ተኝቼ ደረቴን በመዳፌ እየተጫንኩ አዳምጥ ነበር። አንድም ቀን ሳል አለመኖሩ ይገርመኝ ነበር።

የተሳፈርኩት ጨውና ሳሙና በጫነ የነጋዴ መኪና ነው። ባለመኪናው ሐጂ ከአባቴ ጋር ይተዋወቁ ስለነበር ጋቢና አስቀመጡኝ፣ ይርጋጨፌ ላይ ሙዝ ገዙልኝ፣ ጨለለቅቱ ስንደርስም ለአክስቴ እጅ በእጅ አስረከቡኝ። መንገዱን ሙሉ ከንፈሬን ነክሼ አልዘመርኩም። ሐጂ ልጅቷን መኪና አሟታል ብለው ለአክስቴ በሐዘኔታ ሲነግሯት ትዝ ይለኛል።

የአክስቴ ቤት ከጨለለቅቱ በእግር ወጣ ብሎ፣ ቡናና እንሰት በአንድነት የሚበቅሉበት ዳገት ላይ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከሸለቆው ይነሣና በፊት በር ገብቶ በጓሮ በር ይወጣል። እኔ አልጋ ላይ ሆኜ ሲያልፍ አየዋለሁ። እንሰቶቹ ጉሙ ውስጥ ሲወዛወዙ ተሰብስበው የሚያወሩ ትልልቅ ሴቶች ይመስሉኝ ነበር። ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውኃ መሬት ሲነካ፣ ዶሮዎቹ ሲንቀሳቀሱ፣ አክስቴ ከውጭ ስትጣራ፣ ሁሉም ድምፅ ከሩቅ ነበር የሚመጣው። በዚያ ክረምት በደንብ የነቃሁበት ቀን ያለ አይመስለኝም።

አክስቴ ታደለች ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትስቅ አፏን በክንዷ የምትሸፍን ሴት ነበረች። በወጣትነቷ ዲላ ቡና ለቀማ ሠርታ ስለነበር አማርኛ ታውቃለች። ባሏ አንደበቱ የተቆጠበ ገበሬ ሲሆን፣ እሷ ስትናገር ወደ መሬት እያየ ፈገግ ይል ነበር። የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ከቤታቸው በታች መንገዱ ዳር ነው። በሩ ላይ ቀይ ቀለም ተለቅልቆበት፣ የገበሬ ማኅበሩ መሰብሰቢያ አዳራሽ ሆኗል። ወንጌላዊው ዲላ ታስሯል። አክስቴ እንደ ደረስኩ «ቤተ ክርስቲያኑን ቆለፉት» ስትለኝ እኔ የተረዳሁት እግዚአብሔር ውስጥ እያለ እንደቆለፉበት ነው። በነጋታው ሾልኬ ሄድኩና በቁልፉ ቀዳዳ አጮለቅኩ። አግዳሚ ወንበሮች፣ አንድ ቀይ ጨርቅና የማዳበሪያ ጆንያዎች አየሁ። ተመልሼ ውስጥ እንደሌለ ለአክስቴ ነገርኳት። ማን እንደሌለ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። አልሳቀችብኝም።

«ሰኞ አሳይሻለሁ» አለችኝ።

ሰኞ የወሰደችኝ ወደ ጓሮዋ ነበር። በዚያ አገር እንሰት መፋቅ የሴት ሥራ ነው፤ ሴቶች ተሰብስበው ሲፍቁ ወንድ ወደ ቦታው አይጠጋም። ቢጠጋ ቆጮው ይበላሻል ይባላል፤ ሰውየውም መሳቂያ ይሆናል። ባልም ይሁን ወንድም፣ ጉዳይ ካለው ከአጥሩ ውጭ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ይጣራል። እኔ ደግሞ የሚያይ ወንድ ዓይኑ የሚጠፋ መስሎኝ፣ አንዱ ባጮለቀና ባየሁት እያልኩ በልቤ እመኝ ነበር።

ሴቶቹ ሳንቃቸውን በእንሰቱ ግንድ ላይ አጋድመው፣ ቅርፊቱን በአንድ እግራቸው ተጭነው፣ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ይልጉታል። ነጩ ውኃ ይፈስሳል፣ ቃጫው ለብቻ ይቀራል። መፋቂያዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ሲወርዱ አንድ ትልቅ ነገር የሚተነፍስ ይመስላል። እነሱም በዚያው ምት ከንፈራቸውን ገጥመው፣ ያለ ቃል ይዘምራሉ። ዜማውን ዲላ ቤተ ክርስቲያናችን ሳይዘጋ እሰማው ስለነበር ወዲያው ለየሁት። አክስቴ ከቆጮው ጉድጓድ አጠገብ አፈር ጫር አድርጋ በላስቲክና በደረቅ የእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር አወጣች። መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። ሽታው የቆጮ ሽታ ነው።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። አብዮት ጥበቃው ቤት ለቤት እየዞረ ጸሎት ሲያሳድድ፣ ወንድ ሁሉ በገዛ ፈቃዱ የሚርቀው አንድ ቦታ ቢኖር ይህ ነው። ይህን ብልሃት ያገኙት ራሳቸው ናቸው። አንድ ጉድለት ግን ነበረበት፤ ከመካከላቸው ማንበብ የምትችል ሴት አልነበረችም። የሚያነቡት ወንዶቹ ናቸው፤ ወንዶቹ ደግሞ አይጠጉም። እኔ እስክመጣ ድረስ ወንጌላዊው ድሮ የሰበከውን እያስታወሱ ይጨቃጨቁ ነበር አሉ። አንዷ ስታስታውስ ሌላዋ «እሱ ያለው እንደዚህ አይደለም» ትላለች፤ የሚዳኛቸው የለም። አክስቴ መጽሐፉን ጭኔ ላይ ስታስቀምጠው ሁሉም መፋቂያቸውን አቁመው አዩኝ። ከክፍሌ አንደኛ ወጥቼ እንኳ እንደዚያ የታየሁበት ቀን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሰኞ ሰኞ፣ ተራ በተራ በየሴቶቹ ጓሮ፣ አነብላቸው ነበር። እኔ በአማርኛ ጥቂት አነባለሁ፤ አክስቴ ወደ አገሩ ቋንቋ፣ ወደ ጌዴኡፋ ትመልሰዋለች፤ ምዕራፉ ሲያልቅ ሴቶቹ እጃቸውን ሳያቆሙ ዝቅ ባለ ድምፅ «አሜን» ይላሉ። ከዚያ ወሬው ይጀመራል። ከሁሉም ታላቅ የነበሩት እማማ ብርቄ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ጉልበታቸው ግን ያላለቀ ሴት ነበሩ። በጉድጓድ ውኃ አጠገብ ስለተገኘችው ሴት ባነበብን ጊዜ ሌሎቹ ስለ ኃጢአትና ስለ ይቅርታ ሲያወሩ፣ እማማ ብርቄ የጠየቁት ስለ ማድጋው ነበር። «ማድጋው የት ሄደች? ትቶ ሮጠ ይላል። ማን ወሰደው?» ይላሉ በተሰባበረ አማርኛቸው ወደ እኔ ዞረው። እኔ መጽሐፉን ገልብጬ ፈልጌ አጣሁላቸው። በሚቀጥለውም ሰኞ ጠየቁኝ። እውነቴን ነው፣ እኔም ስለዚያ ማድጋ መጨነቅ ጀምሬ ነበር።

ችግሩ እንሰቱ ነው። አንድ እንሰት ለመፋቅ እስኪደርስ ዓመታት ይወስዳል፤ እነሱ ደግሞ ለመሰብሰብ ሲሉ ሰኞ በመጣ ቁጥር መቁረጥ አለባቸው። ስለዚህ መፋቅን ማዘግየት ተማሩ። ድሮ እስከ ረፋድ የሚያልቀውን አንድ ግንድ እስከ ማታ ያንፏቅቁት ጀመር። ባሎቻቸው ሴቶቹ ዘንድሮ ሰነፉ እያሉ ያጉረመርማሉ። አክስቴ ይህን ስትሰማ አፏን በክንዷ ሸፍና እስክትንፈራፈር ትስቃለች።

ሐምሌ ሲጋመስ አንድ ሰኞ፣ እያነበብኩ ሳለ፣ ከአጥሩ ውጭ ወንድ ጉሮሮውን ጠረገ። በአጥሩ ክፍተት ሳይ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ፣ ጠመንጃ ያነገተ ሰው ነው። ባራሶ ነበር፤ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር። በልጅነቱ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ከበሮ መቺ እንደነበር፣ ትእዛዝ ሲመጣ ደግሞ በሩን በገዛ እጁ እንዳሸገው አክስቴ ነግራኛለች።  መጽሐፉን ቀሚሴ ሥር ከተትኩት።

«ታደለች፣ በዚህ ክረምት ያለውን እንሰት ሁሉ ልትጨርሱት ነው?» አለ ወደ መንገዱ እያየ።

አክስቴ እንግዳ እንደበዛባትና ሆድ ዝናብ እንደማያውቅ መለሰችለት።  የሚሄድ መስሎኝ ነበር።

«የሚነበብ ነገር ሰማሁ» አለ።

መፋቂያዎቹ ሁሉ ቆሙ። የሚሰማው ከቅጠል ቅጠል የሚንጠባጠበው ውኃ ብቻ ሆነ። አክስቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና እንዲህ አለች፤

«መሠረተ ትምህርት ነዋ። የወንድሜ ልጅ ፊደል እያስቆጠረችን ነው።»

 ባራሶ መልካም መሆኑን፣ ለአዲስ ዓመት ከአውራጃው ካድሬ መጥቶ የተማሩትን እንደሚፈትን፣ ያን ዕለት በአዳራሹ ሕዝብ ፊት ተነሥታ የምታነበው እሷ እንደምትሆን ተናግሮ ሄደ። ከወዲያኛው ጥግ የነበሩት እማማ ብርቄ ምን እንዳለ ጠየቁ። 

አክስቴ በመሠረተ ትምህርት ተመዝግባ ነበር፤ ግን ከሀ ሁ አላለፈችም። ያን ቀን ወደ ቤት ስንገባ እጄን ይዛ ነገሩን ልቅም አድርጋ ነገረችኝ። ተነሥታ ማንበብ ካቃታት ክረምቱን ሙሉ ምን ስታደርጉ ነበር ይባላል፤ ከዚያ እያንዳንዷ ሴት ወንጌላዊው ወደተወሰደበት ትወሰዳለች። ፈርታ ነበር፤ ለልጅ መናገር የማይገባት መሆኑን እያወቀች የነገረችኝ ሌላ የሚረዳት ስለሌለ ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ራሴ ነው። እሷ ማንበብ ከቻለች እኔን ማን ይፈልገኛል አልኩ። ቢሆንም በዚያው ቀን ጀመርን።

ወረቀት አልነበረንም። ምስማር ይዤ ጓሮ ገባሁና በእንሰቱ ቅጠል መሃል ባለው ወፍራም አካፋይ ላይ ፊደል ጫርኩላት። የተጫረው ትንሽ ቆይቶ ቡናማ ይሆናል። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጓሮው በፊደል ተሞላ። ጉሙ ውስጥ ስሄድ ሰ ሱ ሲ ከፊቴ ብቅ ይልና ይጠፋል። በለጋው ቅጠል ላይ የጻፍኩት ከቀን ወደ ቀን የሚያድግ መስሎኝ እየሄድኩ በጣቴ እለካው ነበር። የጎረቤት ፍየል ገብታ የመ ዘሮችን ከነቅጠላቸው በላቻቸው፤ አክስቴ ዛሬ ፍየሏ ከእኔ በለጠች ብላ ሳቀች።

ተማሪነቷ ግን አስቸጋሪ ነበር። ስንፍና አይደለም፤ ብዙውን ምዕራፍ በቃሏ ስለምታውቀው ነው። መጽሐፉን ከፍቼ ስሰጣት ጣቷ አንዱ መሥመር ላይ ሆኖ አፏ ሌላውን ያነበንበዋል። መሥመሩን በእጄ ብሸፍነውም አትቆምም። አንድ ቀን ተናድጄ «አክስቴ፣ እየጸለይሽ እንጂ እያነበብሽ አይደለም» አልኳት። እሷም ልዩነቱ እንዳልገባት በቁም ነገር ነገረችኝ። ከዚያ መጽሐፉን ትቼ ስትመዘገብ የተሰጣትን የመሠረተ ትምህርት መማሪያ ያዝኩ። ስለ ተባይና ስለ ማዳበሪያ የሚያወራ፣ በቃሏ ልታውቀው የማትችለው ነገር ነበር። በየቃሉ ላብ ያጠምቃታል።

ነሐሴ ላይ ከገበያ ስንመለስ ዝናብ ጀመረና በአዳራሹ ክፈፍ ሥር ቆምን። አክስቴ ጨው በጭንቅላቷ እንደተሸከመች በሩን ፍዝዝ ብላ ታያለች። ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። በሩ ላይ የተለቀለቀው ቀይ ቀለም ጽሕፈት እንደሆነ እኔም ልብ ብዬ አላየሁም ነበር።

«ታ... ሽ... ጓል» አለች። «ታሽጓል።»

ጨውን አወረደችና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ማንም ሳይነግራት፣ በቃሏም ሳታውቀው በራሷ ያነበበችው የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው። ፊቷ ላይ ደስታም ሐዘንም ነበር፤ የቱ እንደሚበልጥ ማወቅ አቃተኝ። «አነበብኩት» አለችኝ፣ እኔ እንዳልሰማሁ ሁሉ። እኔም ከጎኗ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ ዛሬም በትክክል አላውቀውም።

ካድሬው የመጣበት ቀን አዳራሹ በሰው ተጨናነቀ። ሰውየው ከዲላ የተነሣበት መኪና ጭቃ ውስጥ ቀርቶ በእግሩ ነው የደረሰው፤ ጫማውን በወንበሩ እግር እየፋቀ፣ ዝናብ ሳይዘው ለመመለስ ይቸኩል ነበር። ባራሶ ከጎኑ ተቀምጧል። የእኛ ሴቶች ሁሉም በአንድ በኩል፣ ድሮ በጸሎት ቀን በሚቀመጡበት በኩል፣ ተሰብስበው ተቀምጠዋል። ማንም አላስቀመጣቸውም፤ እግራቸው ነው የወሰዳቸው። የአክስቴ ስም ተጠራ። ካድሬው መማሪያውን ከመሃል ከፍቶ ሰጣት። ያላጠናነው ገጽ ነበር።

አክስቴ ቆመች።  የማኅበሩ ጸሐፊ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ጣቷን ገጹ ላይ አሳረፈችና ጀመረች፣ ፊደል በፊደል፣ ጭቃ ውስጥ የሚሄድ ሰው እግሩን እየነቀለ እንደሚራመድ።

«የም... ንጭ ውኃ... ይከ... ለል። ከብት... አይግ... ባበት። የሚ... የሚጠጡት... ልጆ... ቻችን ናቸው።»

የመጨረሻውን ቃል ስትጨርስ ድምፅዋ ጸንቶ፣ በፍቂያው ላይ የምናውቀው ድምፅዋ ሆኖ ነበር። ሴቶቹም ክረምቱን ሙሉ እንደለመዱት፣ ሳያስቡት፣ በአንድ ድምፅ «አሜን» አሉ።

አዳራሹ ቀጥ አለ።  ሁላችንም የቀዘቀዝነው ግን በሴቶቹ ድምፅ ብቻ አልነበረም። ከፊት፣ ከካድሬው ጎን፣ አንድ ጎርናና የወንድ ድምፅ አብሯቸው «አሜን» ብሎ ነበር። ባራሶ አፉን በመዳፉ ይዞ ተቀምጧል። ዓይኑ የገዛ አፉ የከዳው ሰው ዓይን ነበር።

ካድሬው ወደ እሱ ዞሮ ምን እንደተባለ ጠየቀ። ባራሶ እጁን ከአፉ አነሣ። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል።

«የአገሩ ልማድ ነው፣ ጓድ» አለ። «እኛ ዘንድ ሰው መልካም ነገር ሲናገር ይመረቅለታል።»

ካድሬው ምርቃቱም አብዮታዊ መሆን እንዳለበት፣ ከእንግዲህ በአሜን ፈንታ «ትቅደም» እንዲባል አስረዳና ሴቶቹን አለማመዳቸው። ከሁሉም አስበልጠው የጮኹት እማማ ብርቄ ናቸው። ሰውየው ውጤቱን አመስግኖ፣ ሰማዩን እያየ፣ መኪናው ወደተቀረቀረበት ወረደ።

ሕዝቡ ሲበተን ባራሶ ቁልፉን ይዞ በሩ ላይ ቀረ። አክስቴን በስሟ ጠራት። እኔ ቀሚሷን ጨብጬ ነበር። የተነጋገሩት በጌዴኡፋ ነው፤ አባቴ ቤት የሚናገረው ቋንቋ ስለሆነ አንድም አላመለጠኝም።

«ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ አንብቡ» አለ። «መንገዱ ድረስ ይሰማል።»

አክስቴ እንዴት እንዳወቀ ጠየቀችው።

«ክረምቱን ሙሉ ስሰማ ነው የከረምኩት። ሰኞ ሰኞ በዚያ በኩል የምጠብቀው እኔ ነኝ።» ቁልፉን በጣቶቹ መካከል አገላበጠው። «ያ የሁለቱ ልጆች ነገር... ታናሹ ሄዶ ተመለሰ፤ አባቱ ደገሰለት። ታላቁ ተቆጥቶ አልገባም ብሎ ደጅ ቆመ። እዚያ ላይ ዝናቡ ወረደና አልሰማሁትም። ገባ?»

 አክስቴ ፊቱን አየችው፤ በጓሮው አጥር ያየነው ጀርባውን ብቻ ስለነበር፣ ያን ያህል ቆማ ስታየው ለእኔ እንግዳ ነገር ነበር።

«አልተጻፈም» አለችው።

«እንዴት አይጻፍም?»

«አባትየው ወጥቶ ለመነው። እዚያ ላይ ያልቃል።»

ባራሶ ራሱን ነቀነቀ። በሩን ቆልፎ፣ ጠመንጃውን አንግቶ፣ ሳይሰናበተን ሄደ።

የሚቀጥለው ሰኞ እኔ የነበርኩበት የመጨረሻው ሰኞ ነው፤ ትምህርት ሊከፈት ነበር፣ እናቴም ወንድሜን ወልዳለች። ፍቂያው በአክስቴ ጓሮ ነበር። የሚፋቅ እንሰት ስላለቀ ገና ያልደረሰ አንድ ቆረጡ። መጽሐፉን አውጥቼ ልከፍት ስል አክስቴ ከእጄ ወሰደችው። ራሷ አነበበች። የሁለቱን ልጆች ታሪክ ነበር ያወጣችው፤ ቀስ እያለች፣ አንዳንዱን ቃል ሁለቴ እየጀመረች፣ ከዚያ ወደ ጌዴኡፋ እየመለሰች። እማማ ብርቄ ይሄማ ያለፈ ነው ብለው አጉረመረሙ። አክስቴ አልሰማቻቸውም። ዝናቡ ሲበረታ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ ይበልጥ ሲበረታ ይበልጥ ጮኸች፣ የአንገቷ ሥር እስኪገተር ድረስ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ የተባለውን ከአክስቴ ሌላ የሰማሁ እኔ ብቻ ነበርኩ።

በአጥሩ ክፍተት አየሁ። ባራሶ ጀርባውን ሰጥቶ፣ የእንሰት ቅጠል ጭንቅላቱ ላይ ጥሎ ቆሟል። ጠመንጃ አልያዘም።

አክስቴ አባትየው ወጥቶ እስከለመነበት ድረስ አነበበችና ቆመች። ሴቶቹ «አሜን» አሉ። ከውጭ ድምፅ እንጠብቃለን፣ ቢያንስ እኔ እጠብቅ ነበር፤ ግን ከዝናቡ በቀር የሚሰማ የለም። ያን ጊዜ አክስቴ መጽሐፉን መልሳ ጭኔ ላይ አደረገችው። «የቀረውን አንቺ አንብቢላቸው» አለችኝ። የፍቂያው ነጭ ውኃ የደረቀበትን እጇን እንኳ ሳትታጠብ ተነሥታ በአጥሩ በር ወጣች።

ማንበቤን ቀጠልኩ፤ ምን እንዳነበብኩ አላስታውስም። ከአጥሩ ሥር፣ ጭቃው ውስጥ፣ አራት እግር ይታየኝ ነበር። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ጎን ለጎን እንደቆሙ ነበሩ።